ያልተሸከምኩት ድንጋይ

በግቢዬ ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከባድ ነው፤ ግን ሴት የማትችለው አይደለም። ይህን ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈርዶብኝ ነበር። አልተሸከምኩትም። ዛሬም ቢሉኝ አልሸከመውም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው ብዬ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ ኋላ ሳስበው ግን እሱንም አልተውላችሁም። እኔው ፈርጄ ጨርሻለሁ። እናንተ ስሙኝ ብቻ።

የአምቦ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። በሰፈሬ "ሃደ ሲፈን" ይሉኛል፣ የሲፈን እናት ማለት ነው። ሲፈን አንድያ ልጄ ናት። ይህ ነገር ሲሆን፣ ኮሮና ከመምጣቱ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አስራ አራት ዓመቷ ነበር። የሚጥል በሽታ አለባት።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ። እንዴት ያለ ፍርሃት መሰላችሁ! ምድጃ እፈራለሁ፣ እንዳትወድቅበት። ወንዝ እፈራለሁ። ደረጃ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ዓይን እፈራለሁ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወድቃ ጠርተውኝ ስደርስ፣ ተማሪው ሁሉ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጄ መሬት ላይ ብቻዋን ትንፈራገጣለች። የነካ ይጋባበታል ይባላላ! አንዱ ጭሱ ያነቃታል ብሎ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ ክብሪት ይጭራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "ዓይኗን አሟት ነው" እላለሁ። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን እንኳ ልብስ ሥር ደብቄ፣ በር ዘግቼ ነበር የምሰጣት።

የአቦ ማኅበር ነበረን፣ አስራ ሁለት ሴቶች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን። ሙሴያችን፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ እንደ ጅማት የጠነከሩ ሴት፤ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። በአባይ በረሃ ውስጥ፣ ከካቺሲ ገደል ለገደል ወርዶ፣ ብዙ በሽተኛ የዳነበት የአቦ ጠበል አለ ያሉን እሳቸው ናቸው። ለመጋቢት አቦ ሦስት ሰው ይሂድና ለሁላችንም ይቅዳ ተባለ። እትዬ ብዙነሽ አንድ። ደጊቱ ሁለት። ደጊቱ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት፤ ከሽንኩርቷ በፊት ሳቋ ነው ገዢ የሚጠራላት። "ሦስተኛስ ማን ይሂድ?" ሲባል "እኔ" አልኩ። እኔም ራሴ ደነገጥኩ።

ባለቤቴ ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"አንቺ? ጥላሽን አይተሽ የምትበረግጊው?"

"አዎ፣ እኔ።"

"በረሃ እኮ ነው! ዝንጀሮ ይበላሻል።"

"ዝንጀሮ ሰው አይበላም።"

"አንቺን ሲያይ ይጀምራል።"

ሰኞ ዕለት ሲፈንን ለሱ አደራ ብዬ፣ በሶና ቆሎ ቋጥሬ ወጣሁ። ከአምቦ ጊንጪ፣ ከጊንጪ ካቺሲ በመኪና። በማግሥቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ደጋው እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ድንገት ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቀይ ድንጋይና አመድ የመሰለ ቁጥቋጦ ነው፤ ከታች የሚመጣው ንፋስ ፊት ይለበልባል። በመቀመጫዬ ተቀምጬ የተንሸራተትኩበት ቦታ አለ።

"ሃደ ሲፈን፣" ትላለች ደጊቱ ከኋላዬ፣ "ቀሚስሽን ለአባይ ልታስረክቢ ነው እንዴ? አንድ ብቻ መሰለኝ ያለሽ!"

ያን ቀን ገደሉ መሐል ላይ ካለች አንዲት ገበሬ ቤት አደርን። በማግሥቱ ረቡዕ ስንወርድ እኩለ መንገድ ላይ ትልቅ ሾላ አገኘን፤ ከሥሩ ትንሽ ምንጭ ነበረች። ጠጥተን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ ወደ ማታ ጠበሉ ጋ ደረስን። ከዚያች ገበሬ ቤት እስከ ጠበሉ ድረስ፣ ከሾላዋ ምንጭ በቀር ሌላ ውሃ የለም። ይህንን ያዙልኝ።

ሐሙስ አቦን አነገሥን። ዓርብ የሲፈንን ነገር ለካህኑ አለቀስኩላቸው። ጀሪካኔን ባረኩልኝና "እስከ ትንሣኤ በየጠዋቱ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ታጠቢያታለሽ፣ ታጠጫታለሽ። አንድም ቀን እንዳይጓደል፤ አደራ" አሉኝ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልንወጣ ተነሳን። ሌላው ተሳላሚ እሑድ አስቀድሶ ነው የሚወጣው፤ ቸኩዬ የጎተትኳቸው እኔ ነኝ። ሲፈንን እንዲህ ረጅም ጊዜ ተለይቻት አላውቅም። ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ፣ ጾም ቢሆንም ጠዋት ይበላልና፣ በሶ በጥብጠን በላን። ከዚያ ጀሪካኔን አይቼ ከፋኝ።

"ምን ሆንሽ?" አለች ደጊቱ።

"አስር ሊትር ብቻ ነው። ለመታጠቢያም ለመጠጥም እስከ ትንሣኤ አይደርስም።"

ደጊቱ የመጠጥ ውሃዋን የያዘውን የላስቲክ ጠርሙስ አነሳችና አፈሩ ላይ ዘቀዘቀችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለሲፈን ቦታ እያስለቀቅኩ። እስከ ሾላው ጥቂት ሰዓት አይደል? እኔ እንደሆነ ሆዴ ጀሪካን ነው።"

እትዬ ብዙነሽ ጥቂት አሰቡና የራሳቸውን ደፉ። እኔም የራሴን ደፋሁ። ሦስቱንም ጠርሙስ ጠበል ሞልተን እኔ ከነጀሪካኔ ተሸከምኩ። እነሱም የማኅበሩን ሁለት ጀሪካን አዘሉ። የመጠጥ ውሃ ግን አንዲት ጉንጭ አልያዝንም። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። ነው። ግን ጠበል ለመቅዳት ቦታ ያጣ ሰው የወንዝ ውሃ ተሸክሞ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሾላው ጋ ስንደርስ ፀሐዩ ጠንክሯል። ምንጯ የለችም። ከብት ገብቶባት አቡክቷት ሄዷል። በእጃችን ቆፈርን፤ ሽንት ሽንት የሚል ጭቃ እንጂ ውሃ አልወጣም።

"እንመለስ?" አልኩ።

"ወደ ታችም ወደ ላይም ያው ነው፤ እንውጣ" አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ወጣን። መጀመሪያ ላይ ደጊቱ ትቀልድ ነበር። "አምቦ የውሃ አገር ነው፤ የአምቦ ሴት በውሃ ጥም ሞተች ቢባል ማን ያምናል? ለቅሶ የሚመጣ እንኳ አይኖርም፣ ውሸት ነው ይላሉ!" ቀስ እያለ ቀልዱ አጠረ። ከዚያ ቀረ። ዘወር ብዬ ሳያት ላቧ ደርቋል፣ ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ዓይኗ ወደኔ ያያል እንጂ እኔን አያይም።

"ደጊቱ?"

ሁለት እርምጃ ተራመደችና በጎኗ ወደቀች። ጀሪካኗ ከጀርባዋ ተፈትቶ ቁልቁል ተንከባለለ፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ሄዶ ሄዶ ከሩቅ ፈንድቶ ሰማነው።

ጎትቼ አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስገባኋት። ገላዋ ፀሐይ እንደ መታው ቆርቆሮ ይፋጃል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ቢሻን... ማሎ፣ ቢሻን..."

ውሃ ነው የምትለው። ራሷን ስትስት አማርኛው ጠፍቶባት በእናቷ ቋንቋ ነው የምትለምነው። እጄ ወደ ጠርሙሱ ሄደ።

"ተይ!" አሉ እትዬ ብዙነሽ።

"እትዬ፣ ውሃ እያለች ነው።"

"እሱ ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው። ጠዋት በሶ በልታለች። እህል በቀመሰ አፍ ጠበል ይጠጣል? ጠላ ቤት መሰለሽ?"

"ልትሞት እኮ ነው!"

"አትሞትም። ትረፍ፤ እረኛ አይጠፋም።"

"የታለ እረኛው?"

እሳቸውም ዞር ዞር ብለው አዩ። ድንጋይ ብቻ ነበር። የራሳቸውን ጀሪካን እንደ ሕፃን አቅፈው ያዙ። "ይሄ የማኅበሩ አደራ ነው፤ እኔ አልነካውም። ያንቺ ደግሞ በልጅሽ ስም የተባረከ ነው። አንድም ቀን እንዳይጓደል አላሉሽም? ከነካሽው የሚመጣው በልጅሽ ላይ ነው።"

ይህን ሲሉኝ እጄ ክዳኑ ላይ ደረቀ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ያመኑበትን ነው የተናገሩት። እኔም አምኜበት ነበር፤ የመጣሁትስ ለዚሁ አይደል? ትናንት ቢሆን እኮ ዓርብ ነበር፤ አፋችን እህል ሳይቀምስ፣ ሳንፈራ በጠጣን! በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣሳ በሶ ምክንያት ደጊቱ ትሙት? ካጠጣኋትስ ሲፈን ብትሞትብኝ? በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም።

ቀና አልኩ። ደጊቱ መሬት ላይ እግሯን ትወራጫለች። እትዬ ብዙነሽ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ቋጥኙ ላይ አስጠግተው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ልክ እንደዚያ ክፍል። ልክ እንደነዚያ ተማሪዎች። መሬት ላይ የወደቀችው ብቻ ተለውጣለች።

ክዳኑን ከፈትኩት።

"ሃደ ሲፈን!"

"ይጮኹ፣ እትዬ። እኔ አልሰማም።"

ጠርሙሱን አፏ ላይ ሳስጠጋ ደጊቱ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ጥርሷን ገጠመች። "በልቻለሁ..." አለች በሞተ ድምፅ።

"እኔም በልቻለሁ! አብረን እንኮነናለን፤ አፍሽን ክፈቺ!"

በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። በራሷ ላይ አፈሰስኩ፣ በደረቷ አፈሰስኩ። ነጠላዬን ነክሬ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩ። አንዱ ጠርሙስ አለቀ፣ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ከዚያ እኔም ጠጣሁ። በበሶ አፌ፣ ቆሜ፣ እትዬ ብዙነሽ እያዩኝ ጠጣሁ። እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም፤ ለምን እዋሻለሁ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ቁጭ ብዬ ደረቷን አያለሁ። ከፍ ሲል እቆጥራለሁ፣ ዝቅ ሲል እቆጥራለሁ። ጥላው ከእግሯ ሸሽቶ ስጎትታት፣ ዓይኗን ገለጠችና እኔን አየች። እኔን፣ ሃደ ሲፈንን አየች።

"የሲፈንን ነው ያጠጣሽኝ?"

"አዎ።"

እንባዋ መጣ። "ተመልሼ እቀዳላታለሁ" ብላ ልትነሳ ሞከረች። በአራት እግሯ እንኳ መቆም አልቻለችም።

"ጅል!" አልኳት። ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን።

ፀሐዩ ሲበርድ መውጣት ጀመርን። እኔ ደግፌያት፣ በየጥላው እያሳረፍኩ፣ በየእረፍቱ ከጀሪካኑ እያጠጣሁና እያፈሰስኩባት። እትዬ ብዙነሽ ከፊት ይሄዳሉ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ አይጠይቁም፣ አይጠጡም። አንድ ቦታ ላይ ተንገዳገዱ። ተጠጋሁ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ወስጄ ከጀሪካኔ ነከርኩና ራሳቸው ላይ ጣል አደረግኩት። ውሃው በጉንጫቸው ወረደ። አላዩኝም። ነጠላውን ግን አላነሱትም።

ገበሬዋ ቤት ስንደርስ ጀሪካኔም ጠርሙሶቼም ውስጥ ጠብታ አልቀረም።

ሰኞ ቤቴ ገባሁ። ሲፈን በር ላይ ጠበቀችኝ። እኔ በሌለሁበት ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር፤ ግንባሯ ተልጧል። ጀሪካኑን ተቀብላኝ ወዘወዘችው።

"እማዬ፣ ጠበሉስ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ጭንቅላቴን ደፍቼ ነው የነገርኳት። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችና፣

"እትዬ ብዙነሽን እምቢ አልሻቸው? አንቺ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እኔም እምቢ ልበልሽ" አለች። "ትምህርት ቤቴ እመለሳለሁ። ብወድቅም እዚያው ልውደቅ።"

በረሃው ውስጥ የተናገርኩትን ቃል ራሷ ተቀብላ መለሰችልኝ።

ሚያዝያ አምስት የማኅበሩ ተራ የኔ ነበር። ሴቶቹ ሲመጡ ይህን ድንጋይ ከመንገድ አንስተው ገቡና ደጃፌ ላይ አስቀመጡት። ነገሩ ገብቶኛል።

"ሃደ ሲፈን፣" አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ "እህል የቀመሰን ሰው ጠበል አጠጥተሻል፣ ራስሽም ጠጥተሻል። የካህን አደራ አጓድለሻል። ድንጋዩን ተሸክመሽ ተንበርከኪ፤ እኛም ይቅር ለእግዚአብሔር እንልሻለን።"

ድሮ ቢሆን ቃሉ ሳያልቅ እንበረከክ ነበር። ግድግዳዬ ላይ የአቦ ሥዕል ተሰቅሏል። ወደሱ አመለከትኩ።

"ያቺን ወፍ ታያላችሁ? ውሃ ጠምቷት በበረሃ ስትወድቅ አቦ ዓይናቸውን ሰጥተዋት እንባቸውን የጠጣች ናት። እህል ቀምሰሻል ወይ ብለው ጠየቋት? እትዬ፣ ያን ገደል ጠበል ተሸክሜ ጀመርኩት፣ ሰው ደግፌ ጨረስኩት። ሌላ ሸክም የለብኝም። አልሸከምም።"

አንድ ነገር ግን አልተናገርኩም። የረጠበውን ነጠላ። ዓይናቸውን ብቻ አየሁ፤ እሳቸውም መሬት መሬት አዩ።

"እንግዲያው ከማኅበሩ ወጥታለች" አለች አንዷ።

ደጊቱ ብድግ አለች። "የጠጣሁት እኔ! እሷን አስወጥታችሁ እኔን ልታስቀሩ ነው? አብሬያት እወጣለሁ!" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ቆመች። "ቆይ... ቤቱ የሷ አይደል እንዴ?" ተመልሳ ቁጭ አለች። ሌሎቹ ናቸው የወጡት። ድንጋዩን ረስተውት ሄዱ።

ከትንሣኤ በኋላ ሲፈንን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩን አስፈቅጄ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። "ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት" አልኩ። "ዓይኗን አላመማትም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ከወደቀች በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ክብሪታችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡ። ሐኪሟ ነው እንዲህ ያለኝ። የነካት አይታመምም፤ ይኸው እኔ አስራ አራት ዓመት ሙሉ አቅፌያታለሁ።" ኪኒኗም ዛሬ ከጨውና ከበርበሬው ጎን፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሲፈን አልዳነችም። መውደቋ ቀንሷል፣ አልቀረም። በወደቀች ቁጥር "አየሽ፣ ጠበሉን ስላጓደልሽ ነው" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ባለፈው ዓመት ገበያ መሐል ወደቀች። እኔ ከወዲያ ጫፍ ነበርኩ። ሰው እየገፋሁ እስክደርስ ክቡ ተሠርቷል፤ ሁሉም ራቅ ብሎ ያያል። መሐሉ ላይ ግን አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠው የልጄን ራስ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ነጠላቸውን አጥፈው ከጉንጯ ሥር አድርገዋል፤ አረፋና አፈር ነክቶታል። "ክብሪቱን አጥፋ፣ አንተ!" ብለው ይጮኻሉ።

እትዬ ብዙነሽ ነበሩ።

ሲፈን ስትነቃ ነጠላውን አንስተው ሰጡኝ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም።

"አጥበሽ አምጪልኝ" አሉ። "ለአምስት፣ ለማኅበሩ እፈልገዋለሁ።"

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ፍርሃት ይለቃል ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ሲፈን ስትዘገይ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ግን ሰው መሬት ላይ ወድቆ ሳለ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋችሁ "አደራ ነው፣ ደንብ ነው" አትበሉ። ሰውም እኮ አደራ ነው።

ነጠላውን በማግሥቱ አጠብኩት። ቧንቧው አጠገብ፣ በዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው አሽቼ ያጠብኩት። ለልብስ ማጠቢያ እንደሱ ያለ ድንጋይ አይገኝም።